ሁለት መቶ አምስት ጊዜ የወደቀችው ማናልሞሽ

ቀበቶውን ፍየል ላይ አስራው ነው የሚሉት ውሸታቸውን ነው። ፍየሏማ ያን ጊዜ ሸዋ ቤንች ነበረች፣ በግዞት። ቀበቶውን ሰባት ቀን ታጥቃው የከረመችው ማናልሞሽ ራሷ ናት። ስትተኛ አላወለቀችው፣ ቡና ስትለቅም አላወለቀችው፤ ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ፈትታ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠው ነበር። በምን አወቅሽ ካላችሁኝ፣ በእኔና በእሷ መሃል ያለው አጥር እንሰት ነው፤ ቅጠሉን ንፋስ ሲተለትለው ግቢዋ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ሆን ብዬ አላይም። ዓይን ግን ክፍት ነገር ነው፣ ምን ላድርገው።

ማናልሞሽን መቼም ታውቋታላችሁ። ከሚዛን ገበያ ወደ ታች ሲወረድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለችው፣ ሰማያዊ በር ያላት። አባቷ ከጎጃም መጥቶ ማጂ ነው የሰፈረው፤ እሷ ማጂ ተወልዳ በጋብቻ ወደዚህ ወረደች። ባሏ የቡና መኪና ሾፌር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሷም ጣቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ቡና ስትለቅም ስታበጥር ነው የኖረችው። ዕድሜዋን ብትጠይቋት ስልሳ አምስት ትላለች። እኔ ሰባ አንድ ነኝ፤ እሷ ስታገባ ከሚዜዎቿ ሁሉ ትንሿ እኔ ነበርኩ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ከቤቷ ሥር ያለችው የቡና ማሳ ትንሽ ናት፤ ግን ገደል በሏት። ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል። ማናልሞሽ እዚያ ላይ በላስቲክ ጫማዋ ትቆምና ቅርንጫፉን በሜንጦ ስባ ትለቅማለች፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው በእሷ ፈንታ ይሳቀቃል። ለቃሚ ቅጠሪ ቢሏት "እሸቱንም ቀዩንም ነው የሚያራግፉት" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ሰው ሲያያት ደስ ይላታል።

አንድ ልጅ አላት፣ ዓለምሰገድ። ቴፒ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ቤት ሠርቷል፣ ወለሉ ታይል ነው። ሚስቱ ህሊና ጥሩ ልጅ ናት፣ እሷን ማማት አልችልም፤ ሞክሬ ነበር። ይሄ ዓለምሰገድ አባቱ ከሞተ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው፤ "እማዬ፣ ቤቱን እንዝጋና ቴፒ ነይ።"

"ቴፒ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል" ትለዋለች።

"ቬንትሌተር አለ።"

"ታይልህስ? ሰው የሚወድቀው ታይል ላይ ነው። ጭቃ እንኳ ትንሽ ያዝ ያደርጋል።"

እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ግንቦት ግን የፍየሏ ነገር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ክርክሩን ያሸንፍ ጀመር።

የባየ ልጅ፣ ምሕረት፣ የተዳረች ጊዜ ነው። ባየ የእድራችን ዳኛ ስለሆነ ሠርጉ ላይ ያልነበረ ሰው የለም። ሙሽሮቹ ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉ እያጨበጨበ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ምግቡ ያለበት የጓሮ ዳስ ባዶውን ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ዳስ "ኡኡ! ገደለችኝ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰዉ ሲሮጥ ማናልሞሽ የሰላጣው ሳፋ ውስጥ ተቀምጣለች። ቲማቲሙ እዚህም እዚያም። ከአጠገቧ የጎረቤታችን የተረፈ ፍየል ቆማ ሰላጣውን ትበላለች።

ተረፈ ከእኔ ቤት በላይ የሚኖረው ጠራቢ ነው። ያን ቀን ሥጋ በመቁረጥ ሊያግዝ መጥቶ፣ ፍየሉ ተከትላው ስለመጣች ከዳሱ ምሰሶ ጋር አስሯት ነበር።

"ፍየልህ በቀንዷ ገፋችኝ" አለችው።

"እትዬ፣ ታስራለች እኮ!"

"ገመዱ ረጅም ነው።"

ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጉድ ተገኘ። ምሕረት ለመልሱ ቀን ያዘጋጀችው ነጭ ታኮ ጫማ ከነካርቶኑ ዳሱ ውስጥ ነበር፤ ሲከፈት የአንደኛው ጫማ ታኮ ተሰብሯል። እሱም በፍየሏ ተላከከ። ተረፈ "ፍየል ታኮ አትበላም" ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ "ያንተ ፍየል የማትበላው የለም" አለው። ያለፈው ዓመት የቄሱን ጃንጥላ በልታ ስለነበር የሚከራከርላት ጠፋ። እድሩ ተቀመጠ፣ ባየ ፈረደ፤ ፍየሏ ከሰፈር ትውጣ። ተረፈ አኩርፎ ሸዋ ቤንች እህቱ ጋ ወሰዳት። ሲወስዳት አይቻለሁ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ማናልሞሽ ሦስት ሳምንት አነከሰች። ዓለምሰገድ ከቴፒ ከነፈ።

"እማዬ፣ በቃ። ወደቅሽ።"

"አልወደቅሁም! ፍየል ገፋችኝ እንጂ በራሴ አልወደቅሁም።"

"ዛሬ ፍየል ገፋችሽ፣ ነገ ዶሮ ትገፋሻለች!"

እንግዲህ ልብ በሉ። በራሷ ከወደቀች ቴፒ መግባቷ ነው፤ ፍየል ከጣለቻት ግን በቤቷ ትቆያለች። ነገሩ በዚህ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ክረምቱ እንዲህ በጭቅጭቅ አለፈ። በጥቅምት፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ነጅዋ የምትባል ወጣት መጣች። የጨርቃጨርቅ ነጋዴው የሻሚል ልጅ ናት፣ ከጅማ በኩል የመጡት። ዩኒቨርሲቲ የሚያጠኑት ጥናት አለ አለች፤ አዛውንት እንዴት እንደሚራመድ፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደደከመ፣ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለውን ከመውደቁ በፊት የሚያውቅ መሣሪያ። ክብሪት የምታክል ጥቁር ነገር ናት፣ ቀበቶ ላይ ተሰፍታለች። ሰባት ቀን ትታጠቃላችሁ፣ ከዚያ እወስዳታለሁ አለች። ከሰፈራችን አሥር ሽማግሌና አሮጊት መዘገበች። እኔንም መዘገበችኝ።

ወሬውን አትጠይቁኝ። አንዱ ንግግር ትቀዳለች ይላል፣ ሌላው ቡና ለቃሚውን መንግሥት ሊቆጥር ነው ይላል። እኔ ንግግር ትቀዳለች የሚለውን ሰምቼ የመጀመሪያውን ቀን አፌን ይዤ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ትቅዳ አልኩ።

ነጅዋ ቀበቶውን ከማስታጠቋ በፊት ፈተነችን። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፤ ከበር እስከ ቡና ማስጫው አልጋ ሄዶ መመለስ፤ አንድ ብረት ነገር ጨብጦ መጭመቅ። ማናልሞሽ ብረቱን ስትጨምቀው "ልጄ፣ ካስፈለገሽ እሰብረዋለሁ" አለቻት። እኔም ጨመቅሁ። የእኔን ውጤት ተዉት።

ዓለምሰገድ ይሄን በስልክ ሰምቶ በማግስቱ ደረሰ። ባየን ምስክር አድርጎ በረንዳዋ ላይ አስቀመጣት።

"እማዬ፣ እኔም አልልፋ አንቺም አትልፊ። ማሽኑ ይፍረድ። ትወድቃለች ካለ ያለ ጭቅጭቅ ትሄጃለሽ። አትወድቅም ካለ ሁለተኛ ቴፒ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።"

ማናልሞሽ ትንሽ አሰበች። "ይፍረድ" አለች። "ማሽን ወሬ አያውቅም።" ይሄን ስትል ያየችው እኔን ነው። ምን እንዳደረግኋት አላውቅም።

ሰባቱን ቀን እንደ ሙሽራ ተጠንቅቃ ተራመደች። ማሳው ላይ እንኳ ቀስ ትል ነበር፤ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ፈትሻ ነው የምትረግጠው። አንድም ቀን ስትንሸራተት አላየሁም። ብትንሸራተት አየው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ጎህ ሲቀድ ከቤቷ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ለስለስ ያለ ነው፤ ኮረሪማ ትወቅጣለች አልኩ። ግን በዚህ ማለዳ ለማን ነው የምትወቅጠው? ቅመም ልትሸጥ ጀመረች ማለት ነው፣ ሳትነግረኝ። ቅር ብሎኝ ከረመ።

ሰባቱ ቀን አለቀና ነጅዋ ቀበቶዎቹን ሰበሰበች። ሳምንት ቆይታ ውጤቱን ይዛ መጣች። ዓለምሰገድ ፒካፕ ተከራይቶ መጥቷል፣ ባዶውን፤ ፍራሽ ማሰሪያ ገመድ ሳይቀር ይዟል። ባየም አለ። ተረፈ ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ በረንዳው ጥግ ቁጭ አለ። ፍየሉ የተሰደደችበት ሰው የሌላውንም ስደት ማየት ይወዳል። እኔ ጨው ልበደር ነው የገባሁት።

ነጅዋ ታብሌቷን ከፈተች። መጀመሪያ የኔን ነገረችኝ።

"እማማ ንጋቷ፣ ከአሥሩም አብልጠው የተራመዱት እርስዎ ነዎት።"

"ቤት ለቤት ነዋ!" አለ ተረፈ።

"ድሮም አንተ ጋ እግሬን አላደክምም፣ ወሬ የለህም" አልኩት።

ነጅዋ አልሳቀችም። ማናልሞሽን አየቻት፣ ከዚያ ታብሌቱን አየችው።

"እማማ ማናልሞሽ… እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም። መሣሪያው ሰው ከቆመበት ድንገት ወደ መሬት ሲሄድ ይመዘግባል። የእርስዎ ሁለት መቶ አምስት ጊዜ ነው።"

"ምኑ?"

"የወደቁት።"

ፒካፑ ላይ የነበረው ሾፌር እንኳ ራዲዮኑን ቀነሰ።

"ሁለት መቶ…" አለ ዓለምሰገድ። "በሳምንት?"

"አዲስ አበባ ያሉት አለቆቼ ደንግጠው ነው የላኩኝ። ይቺ እናት ሆስፒታል ትግባ ብለዋል።"

ዓለምሰገድ ገመዱን አነሳ። "እማዬ፣ ልብስሽን አውጪ።"

ማናልሞሽ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አፏን አልከፈተችም። ይሄ ነው ያስገረመኝ። በእሷ ላይ ዝንብ ስታርፍ እንኳ የምትከራከር ሴት፣ ሁለት መቶ አምስት ጊዜ ወደቅሽ ሲሏት ዝም አለች! ሁለት መቶ አምስት ጊዜ የወደቀ ሰው አንድ ቦታው ይላጣል። እኔ ክንዷን አየሁ፣ ጉልበቷን በቀሚሷ ላይ አየሁ። ምንም የላትም።

"ማሽኑ ተሳስቷል" አልኩ፣ አላስቻለኝም።

"እኔም ግራ ገብቶኛል" አለች ነጅዋ። "ሰው ሲወድቅ እንዲህ በሥርዓት አይወድቅም። እዩት፤ ሁሉም ጎህ ሲቀድ ነው። በየቀኑ አርባ አንድ። በመሃሉ ያለው ጊዜ እኩል ነው። ትወርዳለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ትነሳለች። ደግሞ ትወርዳለች። ይሄን ሳየው…" አለችና ትንሽ አፈረች። "የኔን አያት መሰለችኝ። ስትሰግድ።"

"ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ነው?" አለ ባየ። ዳኛ ነው፣ መጠየቅ ይወዳል።

"አይ። ቅዳሜና እሁድ አንድም የለም።"

ያን ጊዜ የኮረሪማው ዱብ ዱብታ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሙቀጫ መች ሆነና! አፌ ከኔ ቀደመ።

"ሰንበት አይሰገድማ!"

ማናልሞሽ ያየችኝን አስተያየት እግዜር ለጠላቴም አይስጠው።

ዓለምሰገድ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። "ስግደት ነው እማዬ?"

ማናልሞሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ስግደት ከሆነ ለምን አትናገሪም? አሁን ጭኜ ልወስድሽ አልነበር?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። የገባኝ እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ ባየ፤ ዓለምሰገድ ዘግይቶ ነው የገባው። ጥቅምት የሚሰገድበት ጾም የለም። ጾም በሌለበት፣ በየማለዳው፣ አንድም ሳይጎድል አንድም ሳይተርፍ አርባ አንድ ስግደት፣ ይሄ የንስሐ አባት የሰጠው ቀኖና ነው። ቀኖና ደግሞ ያለ ምክንያት አይሰጥም። ስግደቱን ካመነች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታውቋል፤ ምን አድርገሽ? ስለዚህ ነው ዝም ያለችው። አንዱን ወገን ብታወጣ ሌላው ወገን ይታያል።

"ምን ብታደርጊ ነው አርባ አንድ የተሰጠሽ?" አለ ዓለምሰገድ።

"እሱ በእኔና በእግዜር መሃል ነው።"

"እንግዲያው ማሽኑ ያለው ያለው ነው። ወድቀሻል። ተነሺ።"

ማናልሞሽ ሰማያዊ በሯን አየች። ከዚያ ማሳዋን አየች፤ ቀዩ ፍሬ ከታች ይታይ ነበር፣ ግማሹ አልተለቀመም። ከዚያ ወደ በረንዳው ጥግ ዞረች።

"ተረፈ" አለች።

"አቤት እትዬ።"

"ፍየልህ ንጹሕ ናት።"

ተረፈ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቆመ። ከቆመ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት መልሶ ተቀመጠ።

"አልገፋችኝም። በራሴ ነው የወደቅሁት። ዋሸሁባት። በመስቀል ማግስት ለንስሐ አባቴ ነግሬ አርባ ቀን አርባ አንድ፣ አርባ አንድ ስገጂ አሉኝ። በቃ፣ ሰማችሁ።"

"ታኮውስ?" አለ ተረፈ።

"ታኮውም።"

"ታኮውን ማን በላው ታዲያ?"

"ታኮውም አልኩህ እኮ! ፍየልህ አልበላችውም፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

ባየ ጺሙን ያሻሽ ጀመር። የፈረደው እሱ ነዋ። "እኔ ያኔም ልቤ ጠርጥሮ ነበር" አለ። አልጠረጠረም፤ ፍርዱን የሰጠው ቅልጥም እየጋጠ ነው።

ዓለምሰገድ ግን ሌላውን ነው የያዘው። "ስለዚህ በራስሽ ወድቀሻል። ፍየል አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ያው ቴፒ ነው!"

ማናልሞሽ እንግዲህ አለቀላት አልኩ። ሁለቱንም አጣች፤ ስሟንም ቤቷንም።

ነጅዋ እጇን አነሳች፣ እንደ ተማሪ። "ይቅርታ፣ ልናገር? የአንድ ቀን መውደቅና የጉልበት መድከም አንድ አይደለም። ማንም አንድ ቀን ይወድቃል። የእኔ ሥራ ጉልበቷን ማየት ነው። ይቺ ሴት በየማለዳው አርባ አንድ ጊዜ እስከ መሬት ወርዳ፣ ምንም ነገር ሳትደገፍ ትነሳለች። መጨረሻ ላይ ያለው አነሳሷ መጀመሪያ ካለው አይዘገይም። እኔ አልችለውም። ለመዝገቡ እንዲሆን ግን እማማ፣ ቀበቶውን አድርገው አንዴ ብቻ ቢሰግዱልኝ፣ ከዚያኛው ጋር አስተያየው ነበር…"

"ለእግዜር እንጂ ለሳጥን አልሰግድም።"

"እሺ፣ ከወንበሩ ይነሱልኝ። አምስት ጊዜ፣ እንደዚያን ቀኑ።"

"እሱም ይነሳ" አልኩ፣ ዓለምሰገድን አሳይቼ። "ማሽኑ ለሁሉም ይፍረድ።"

ባየ ወዲያው ተስማማ፤ የራሱ ፍርድ እንዲረሳለት ይፈልጋል። ሁለት ወንበር ተደረደረ፣ እናትና ልጅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። ነጅዋ በስልኳ ጊዜ ያዘች። ማናልሞሽ አምስቱን ጨርሳ ቀሚሷን ስታስተካክል ዓለምሰገድ ሦስተኛው ላይ ነበር። ቦርጩን ታውቁታላችሁ። አራተኛው ላይ ጉልበቱ ቀጭ አለ፣ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

"አይዞህ ልጄ" አለችው። "አንተ እዚህ እኔ ጋ ብትቀመጥ ይሻልህ ነበር፤ ቁልቁለቱ ያበረታሃል።"

ሾፌሩ እንኳ ሳቀ። ዓለምሰገድ ላቡን ጠርጎ ሲያበቃ ገመዱን ጠቀለለ። ቃሉን የሚያከብር ልጅ ነው። ፒካፑ ባዶውን እንዳይመለስ እናቱ ሁለት ማዳበሪያ ጎደሬና የሙዝ ዘለላ ጫነችለት። ነጅዋ ታብሌቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ምን ጻፍሽ አልኳት፣ "ስግደት፣ ውድቀት አይደለም" አለችኝ። አዲስ አበባ ያሉት ይሄን ሲያነቡ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም። ስትመጣ እጠይቃታለሁ።

ተረፈ በሳምንቱ ፍየሏን ከሸዋ ቤንች አመጣት። ወፍራለች። ማናልሞሽ እድሩ ፊት ቀርባ ተረፈን ይቅርታ ጠየቀች። እሱ "እኔን ምን አደረጉኝ፣ እሷን ይጠይቋት" አለ፣ ወደ ፍየሏ እያሳየ። ሰዉ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ማናልሞሽ ቆማ አየችው፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለፍየሏ አንድ እፍኝ ጨው አላሰቻት። ዳኛው ይሄ እንደ ይቅርታ ይቆጠራል አለ። መዝገብ ላይም ጽፎታል ይባላል፤ ማንበብ አልችል፣ አላየሁትም።

አንድ ነገር ግን ማንም አጥብቆ አልጠየቃትም። ዓለምሰገድ አንዴ "ታዲያ እንዴት ወደቅሽ?" ብሏት ነበር፤ "ሰው እንደሚወድቀው" አለችው፣ በዚያው ቀረ። ያየ ሰው የለም ብላ ታምናለች። እኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ሙሽሮቹን ስሸኝ ነጠላዬን ዳሱ ጋ ረስቼ ተመልሼ፣ ዳሱ በተጋረደበት የኮባ ቅጠል ቀዳዳ አየኋት።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት እሷም የእኔን አንድ ነገር ስለምታውቅ ነው። እሱን አትጠይቁኝ። አሁን ግን አርባ ቀኗን ጨርሳለች፣ የንስሐ አባቷም ፈትተዋታል። የተፈታ ነገር ቢወራ ሐሜት አይባልም።

የምሕረትን ነጭ ታኮ ጫማ ከካርቶኑ አውጥታ አድርጋው ነበር። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ከውጭ በሚመጣው ዘፈን፣ ብቻዋን፣ ትከሻዋን ትንጣለች። ደግሞም ታውቅበታለች፤ ልክ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ። ከዚያ መዞር አማራት። ስትዞር ታኮው ቀጭ አለና ሳፋው ውስጥ ዘጭ። ትንሽ ቁጭ ብላ ቆየች፣ ቲማቲም ጭኗ ላይ። ጫማዎቹን አውልቃ ካርቶኑ ውስጥ ወርውራ ከደነችው። የሚመለስ ሰው የእግር ድምፅ ስትሰማ አንገቷን አሰግጋ ወደ ምሰሶው ተመለከተች። ፍየሏ እዚያ ማዶ ቅጠሏን ታኝካለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ማናልሞሽ ከሳፋው ሳትነሳ እጇን ዘረጋች፣ ገመዱን ይዛ ቀስ ብላ ሳበች፤ ፍየሏን ጎትታ ጎትታ ከአጠገቧ ስታቆማት ነው "ኡኡ! ገደለችኝ!" ያለችው።